ያልተሸጠችው ላም

ዘመናትን የሚያፈራርቅ አምላክ የተሰወረውን ሁሉ ያውቃል። እናቷ ባረፉ በአርባኛው ቀን ዘመድ አዝማዱ ለተዝካር ተሰብስቦ መጣ፤ ልጅቱ ግን ድስት እንኳ አልጣደችም።

“እናትሽ አንቺን ለማሳደግ ወገቧ ጎበጠ፤ አንቺ ለነፍሷ አንዲት ላም ትሰስቻለሽ?” አሏት አጎቷ።

“ያለችኝ እሷው ናት፤ እማዬም እንዳትሸጪ ብላኛለች። አልሸጥም!”

“ታዲያ እኅቴ ያለ ተዝካር ትቅር? አንቺ ውለታ ቢስ!”

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

“የእማዬ ተዝካር ወጥቷል፤ እርስዎም በልተዋል፣ ጋሼ። አምና በጥቅምት በሬ ጥላ ያበላቻችሁ፣ ‘ልጄ ኋላ እንዳትቸገር’ ብላ የቁም ተዝካሯን ስታወጣ ነበር። ጠላውን የቀዳችልዎ ራሷ ናት፤ እርስዎም ‘ዓመት ዓመት ያድርስሽ’ ብለው መርቀዋት ወጡ።”

እናት የደከመችለትን የእናንተንም ቤት እግዚአብሔር ይባርክ።