መስፉና የአቶ በየነ ጋቢ

«ወናፉን ማን ለቀቀው?» ብለው ጮኹ አቶ ገመቹ፣ ጉጠት እንደያዙ እሳቱ ላይ አጎንብሰው።

የለቀቁት ሚስታቸው እትዬ ከበደች ናቸው። ምን ያርጉ? ለዘጠኝ ሰዓት የተቀጠሩት ሽማግሌዎች በስምንት ሰዓት በሩ ላይ ደረሱ። ልጃቸውን የኔነሽን ለትዳር ሊጠይቁ! እትዬ ከበደች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ በሩ ሮጡ።

የኔነሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጓዳ ተደብቃለች። ለሽማግሌ አይታይም፣ ደንብ ነው። በበሩ ስንጥቅ ታያለች፣ የምታየው ግን ሽማግሌዎቹን አይደለም፣ እሳቱን ነው። እሳቱ ውስጥ ያለው መስፉ ነዋ! አባቷ ብረት የሚቀጠቅጡበት፣ የአያቷ መስፍ፣ የቀራንዮ ሰፈርን ማረሻ ሁሉ ያሾለ። ጥጉ ተሸርፎ ሁለት ክረምት ከረመ። «አሮጌ ነው፣ ጣለው» ያላላቸው የለም። እሳቸው ግን ዛሬ የመኪና ባሌስትራ ቆርጠው ሽራፊው ላይ ሊያጣብቁበት ከጠዋት ጀምሮ ሲያግሉት ዋሉ። ብረት ከብረት የሚጣበቀው ነጭ እስኪሆን ከጋለ ብቻ ነው። አሁን ነጩ እየቀላ ነው። ትንሽ ቢቆይ የጠዋቱ ልፋት ሁሉ አመድ።

«ኧረ ተቀመጡ!» ይላሉ እትዬ ከበደች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ አቶ በየነ። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ በዚያ ወበቅ ጋቢያቸውን ብብታቸው ስር ጥብቅ አርገው።

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ተክለማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁ አምሐ አስተማሪ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ልጅቷም የተመሰገነች ናት። አንዲት ነገር ብቻ...»

«ያ ብረት!» አሉ አቶ በየነ። «የልጁ ወገኖች ቀጥቃጭ ቤት እህል አንቀምስም ብለዋል። ሰዉ ቡዳ ምናምን ይላል። ወንዝ ይጣልና ይደገስ።»

አቶ ገመቹ ቀና እንኳን አላሉም። «ወናፍ!» አሉ ብቻ።

የኔነሽ አምሐን ትወደዋለች፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን እሳቱ እየቀላ ነው። በሩን በርግዳ ወጣች።

«አንቺ ልጅ! ጉድ አፈላሽብኝ!» አሉ እናቷ።

ቀሚሷን ሰብስባ ወናፉ ስር ቁጭ አለች፣ ነፋች። ፍንጣሪው ነጩን ቀሚስ ይበሳሳው ጀመር።

«ሙሽራዋ ይቺ ናት?» አሉ አቶ ተክለማርያም፣ አፋቸውን ይዘው።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይዩኝ፣ አልሸሸግም። መስፉን የምትጥሉት ከሆነ እኔንም አብራችሁ ጣሉኝ።»

ነጭ ሆነ! አባቷ እንዲጣበቅ አሸዋ በተን አርገው ባሌስትራውን ጥጉ ላይ አኖሩና መዶሻ አወረዱበት። መጀመሪያ ተንቀጫቀጨ። ደገሙት። ሰለሱት። ከዚያ መንቀጫቀጩ ጠፋ፣ ድምፁ አንድ ሆነ፣ ድፍን።

«ያዘ!» አሉ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። ቶሎ ቢበርድ ይሰነጠቃልና ከነእሳቱ በአመድ ቀበሩት።

«ወይ ብረቱ ወይ ሰርጉ» ብለው ሽማግሌዎቹ ወጡ። የኔነሽ ወናፉን እንዳቀፈች ቀረች።

ወዲያው አቶ በየነ ብቻቸውን ተመለሱ። ግራ ቀኝ አዩ። ጋቢያቸውን ገለጥ አርገው ከብብታቸው ስር ማረሻ አወጡ። ለካ ሳይቀመጡ የቆዩት ለዚህ ነው! ጫፉ ዱልዱም ብሏል።

«ዝናቡ ጣለ እኮ ገመቹ። አንተ ካልሳልክልኝ ማን ይስልልኛል?»

«መስፉማ ወንዝ ይጣል አላላችሁም?» አሉ አቶ ገመቹ።

አቶ በየነ ወደ የኔነሽ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አረጉ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ለልጁ ወገኖች መስፉ ተጥሏል እላቸዋለሁ፣ እናንተ ጓሮ ሸሽጉት። ማን ያያል? ሰርጉም ይሆናል፣ ጃንሆይ ይሙት!»

የኔነሽ ማረሻውን ተቀብላ አገላበጠችው። አንገቱ ላይ ሦስት ጭረት አለ፣ የአባቷ ምልክት። እዚሁ መስፍ ላይ የተሠራ ነው።

አባቷን አየቻቸው። «ወናፉን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ፍርዱም ያንቺ ነው» አሉ።

«ኧረ በየነ! የት ቀረህ?» አቶ ተክለማርያም ከደጅ ይጣራሉ።

የኔነሽ ማረሻውን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳችው። በተበሳሳው ቀሚሷ አቶ ተክለማርያም ወደሚጠብቁበት በር መራመድ ጀመረች። አቶ በየነ ጋቢያቸው እየተጎተተ ከኋላ ከኋላ፦ «ኧረ ልጄ! ኧረ በማርያም!»

በሩ ጋ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ቀራት። እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ ማረሻውን ጋቢው ስር ትመልሱት ነበር?