ለመርከበኛው የሚላክ ፎቶ

ጥሩ ካሜራ የቱ ነው? ማርኬላ ይህን ጥያቄ ያኔም አልመለሰችውም፣ ዛሬም አታውቀውም።

ያኔ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏ ኢሲዶሮስ ልጁን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እንደ መንደራቸው እንደ ካርዳሚላ ወንዶች ሁሉ መርከበኛ ነው። ፓንዴሊስ ሲወለድ ባሕር ላይ ነበር፣ መራመድ ሲጀምርም ባሕር ላይ ነበር። ባለፈው ከወደብ ሲደውል፣ «የላክሽልኝ ፎቶ ጭጋግ ነው፤ የልጄን ፊት አሳዪኝ እንጂ» አላት።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ልጁ ለአባቱ ባዳ ሆኖ ቢያድግስ?

ወደ ስታማቲስ ፎቶ ቤት ሄደች። መስታወቱ ሥር የተደረደሩት ካሜራዎች ሁሉ አንድ መሰሏት። ወረቀታቸውን ለማንበብ ሞከረች። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ቁጥሩም ብዙ ነው።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?»

«ምን ልታነሺበት? ጨረቃን ከሆነ ያ ትልቁ።»

«ልጄን ነው።»

«እንግዲያው ትንሿን ውሰጂ። ትልቁን አስተካክለሽ እስክትጨርሺ ልጁ ሚስት ያገባል።»

ትንሿን ወሰደች። ስታማቲስ አያያዙን አሳያት። ክንድሽን ከጎንሽ አጣብቂው፣ ቁልፉን መጀመሪያ በግማሽ ተጫኚ፣ ቆመሽ ከላይ አታንሺው፣ ተንበርከኪና ከፊቱ ትክክል ሁኚ።

«ቤቱ ከጨለመስ?»

«ፍላሹ በራሱ ይበራል፤ አንቺ አትጨነቂ።»

አትጨነቂ ማለት ለማርኬላ ከንቱ ምክር ነው።

ያን ሰሞን ዝናቡ አላባራ አለ። ቤቱ በቀን ጨለመ። ፓንዴሊስ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሲሮጥ ግራ ትከሻው ከበሩ መቃን ይላተማል፣ ገበታ ላይ ብርጭቆ ይደፋል።

«አባቱም እንዲህ ቀዥቃዣ ነበር» ትላለች አማቷ አርጊሮ።

ልጁ ኮፍያም አይወድም። በቀኝ በኩል ትንሽ ወረድ ካለበት ቤቱን በለቅሶ ያናጋዋል። ኮፍያውን በእጇ የሠራችው አርጊሮ ናትና ትቀየማለች።

ማርኬላ የመጀመሪያውን ፎቶ አንስታ በካሜራው ጀርባ ስታየው ክው አለች። የልጁ ቀኝ ዓይን ቀይ ነው። ግራው እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ያበራል። ደግማ አነሳች። ያው ነው።

አርጊሮ መነጽሯን አድርጋ አየችና እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለች።

«አላልኩሽም ሙሽራዬ? ያቺ ካሊሮይ ናት። ትናንት ‹እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ› ብላ፣ ዓይን እንዳይበላው ምራቅ ሳትተፋበት ወጣች።»

«እማማ፣ ጎረቤታችን ምን አደረገች? ካሜራው ነው።»

«ካሜራ ሰው አይበላም።»

ለክፉ ዓይን መከላከያ ብላ ልጁ ደረት ላይ ከሰካችው ሰማያዊ ጨሌ አጠገብ ሌላ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ጨሌ ሰካችበት።

ማርኬላ ካሜራውን ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰች። ስታማቲስ እሷኑ በፍላሽ አነሳት። ሁለቱም ዓይኖቿ ቀይ ሆነው ወጡ።

«ካሜራው ጤነኛ ነው» አላት። «በፍላሽ የሁሉም ሰው ዓይን ይቀላል። ነጩን እንጃ። ጨሌ አድርጋችሁበታል?»

«ሁለት።»

«በቃ፣ እሱ ነዋ። የጨሌው ብርጭቆ ብርሃኑን ወደ ፊቱ እየመለሰው ይሆናል። አውልቂለት። ፍላሹንም አጥፊና በመስኮት ብርሃን አንሺው። እንዲስቅልሽ ደግሞ አንድ ዓይኑን በመዳፍሽ ሸፈን ገለጥ አድርጊ። ልጅ ይህን ይወዳል።»

ጨሌ ማውለቅ በዚያ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

«አውልቂው!» አለች አርጊሮ። «ኋላ እዬዬ ብትይ ግን አልሰማሽም።» ፊቷን አዙራ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ጓዳ ገባች።

ማርኬላ ሁለቱንም ጨሌዎች አወለቀች።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣ። ፓንዴሊስን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ፍላሹን አጠፋች፣ ተንበረከከች፣ ክንዷን ከጎኗ አጣበቀች። በአንድ እጇ ግራ ዓይኑን ሸፈነችና ገለጠችው። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ቁልፉን ተጫነች።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለቱም ዓይኖቹ ጥቁር ናቸው፣ ቁርጥ የአባቱ ዓይኖች። ነጭ የሚባል ነገር የለባቸውም። ካሜራውን ከፍ አድርጋ ወደ ጓዳው ተጣራች።

«እማማ፣ ይምጡና ይዩ፤ ጨሌው ነበር።»

«ካሊሮይ ዛሬ ስላልመጣች ነው» አለች አርጊሮ ከጓዳ።

ስልኩ ጠራ። አርጊሮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው።

«ኢሲዶሮስ ነው። ፎቶው ተሳካልሽ ወይ ይልሻል።»

«አንድ ልጨምርና መጣሁ በይልኝ... ይበሉልኝ» አለች ማርኬላ፤ ከደስታዋ የተነሳ አፏ ተሳስቶ። ካሜራውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። አሁን ደግሞ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነችው።

ሳቁ ተቋረጠ። ፓንዴሊስ ጮኸ። ከዚያም ሁለት እጆቹን ዘረጋና፣ አፍንጫው ሥር የተንበረከከችውን እናቱን በባዶ አየር ላይ እየዳበሰ ይፈልጋት ጀመር።

«ሙሽራዬ፣ ልጄ እየጠበቀ ነው እኮ፤ ምን ልበለው?»

እስቲ እናንተ ምከሯት፤ የቱን ፎቶ ትላክለት? የሳቀበትን ወይስ ግራ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ያበራበትን?