የጎብኚዎች መዝገብ

የስደተኛ ሐበሾች ማኅበርተኞች ከለንደን በአውቶቡስ ተነሥተው አንድ የባሕር ጠረፍ ብሔራዊ ፓርክ ሊጎበኙ የሄዱት ቅዳሜ ዕለት ነው። አብራቸው የሄደችው አስካለማርያም የዓሣ አጥማጆቹን መንደሮች አየች፤ በጫካው የእግር መንገድም ከሰው ኋላ ኋላ ተጓዘች። አንዱም ደስ አላሰኛት፣ አንዱም አላስከፋት። ወንድሟ ዘውዴ በ1969 ተረሽኖ፣ ቤተሰቡም እንዳያለቅስ ከተከለከለ ወዲህ እንዲሁ እንደደነዘዘች ናት።

በፓርኩ ውስጥ ባለ የድሮ ባላባት ቤት ደጃፍ ላይ የጎብኚዎች መዝገብ ተዘርግቷል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ጋሽ ገብረመድኅን ሊፈርሙ ጎንበስ እንዳሉ ሳቃቸው መጣ።

«አስካለ፣ የቀደመን ሐበሻ አለ! ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው፤ ሐምሌ 11 ቀን 1973። ዛሬ አይደል?»

«ዛሬ ነው ጋሼ» ብላ ተጠጋች።

ስሙ ዘውዴ ይላል፣ ከነአባቷ ስም። «ው»ን እንደዚያ ወደ ግራ የሚያጋድላት እሱ ብቻ ነበር። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ዓይኗ አድራሻው ወደተጻፈበት አለፈ። ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር ይላል፤ የቤቱ ቁጥር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል ያለው ክፍል።

የዚያን ክፍል ቁልፍ ተከራይታ የተረከበችው ትናንት ነው። ለማንም ገና አልተናገረችም።