ብርነሽ ባቡር መረጠች

መኪናችን ከዴንቨር ቺካጎ በአንድ ቀን ታደርሰናለች። ባለቤቴ ብርነሽ ግን በባቡር ካልሆነ አልሄድም አለች። ጠረጠርኩ። ዛሬ ዛሬ መኪና ሁሉ ራሱን እየነዳ የተሳፋሪውን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ የታመመ ካገኘ ጉዞውን ትቶ ሐኪም ቤት ይወስዳል።

«ምን ደብቀሽ ነው?»

«አንተ ደግሞ ነገር አታብዛ። ይልቅ የልጅ ልጃችን ክርስትና እንዳያልፈን።»

ባቡሩ እንደተነሳ ሳል ያዛት፤ አልለቅ አላት። ማለዳ ማለዳ ቧንቧ ከፍታ መታጠቢያ ቤት የምትቆየው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከእኔም ስትደብቅ ኖራለች።

«ልጁን አንዴ ልቀፈው፤ ከዚያ የፈለግህበት ውሰደኝ» አለችኝ።

ተቆጣጣሪው መጣ። «ሲስል የነበረው ማነው? የታመመ ሰው በሚቀጥለው ጣቢያ ይወርዳል።»

ብርነሽ መሐረቧን አፏ ላይ እንደያዘች አየችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩና ኮቴን አነሳሁ።