የካፖይራ እርግጫ

«ምራትሽ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ከጎረምሳ ጋር ስትራገጥ ነው የምትውለው» ብላ ጎረቤቷ ሙላቷ ሹክ አለቻት። አማትየዋ ምን ትጠብቃለች፣ ምስክር እንድትሆናት ጓደኛዋን ብርቄን ጎትታ ከተፍ አለች፤ ዛሬውኑ ምራቷን ወደ እናቷ ቤት ልትሸኛት ቆርጣለች።

አዳራሹ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ሰዉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል። ካፖይራ ነው አሏት፣ የብራዚሎች ጨዋታ። ምራትየዋ መሀል ገብታ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። አሰልጣኙ ድንገት ጎንበስ ብሎ መዳፉን መሬት ላይ ተከለና ተሽከረከረ፤ ተረከዙ እንደ ወንጭፍ ዞሮ ወደ ልጅቷ ጆሮ ግንድ መጣ። ልጅቷ ቁጢጥ ስትል እግሩ በፀጉሯ ላይ ሽው ብሎ አለፈ፤ እሷም እየሳቀች ተነሥታ በዚያው ዙር መለሰችለት።

አማትየዋ ክቡን ሰንጥቃ ገባች። «አንተ፣ የሰው ሚስት በእርግጫ ትላለህ?»

«እማማ፣ እኛ ጋ እግር ይወረወራል እንጂ ሰው አይነካም» አላት አሰልጣኙ።

«ዝም በል። ነይ ውጪ አንቺ፣ ሻንጣሽን ሸክፊ።»

ብርቄ የአማትየዋን ክንድ ያዘች። «ተይ እንጂ አንቺ ሴት። የዚህስ እርግጫ ስቷታል፤ የልጅሽ ጥፊ ግን አንድ ቀን ስቷት አያውቅም።»

ከበሮ መቺውም እጁን ሰበሰበ።