ግራጫዋ በቀቀን

የሟች ድምፅ በአርባው ከየስልኩ ይጥፋ የሚል ሕግ ከወጣ ቆይቷል። የወይዘሮ ትርንጎ ባል፣ የሰዓት ሠሪው ይልቃል ድምፅም ትናንት ጠፋ። ዛሬ የሱቅ ባልደረባው አቶ ሐጎስ ግራጫ በቀቀን ይዘው መጡ።

"ሱቅ ውስጥ ያሳደጋት ናት፤ ይውሰዷት። ስልሳ ዓመት ትኖራለች።"

"በሰባ ዓመቴ? ማን ላይ ጥያት ልሞት?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በቀቀኗ ግን ይልቃል በየቀኑ ከሱቁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ይጠይቃቸው እንደነበረው፣ በራሱ ድምፅ፣ "ትርንጎዬ፣ ልዘጋ ነው፤ ምን ይዤልሽ ልምጣ?" አለች።

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ወፏ በእሳቸው ድምፅ መለሰች፦ "ምንም፤ አንተ ብቻ ና።"

ወይዘሮ ትርንጎ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ወፏን ይተዉልኝ" አሉ። "ከእኔ በኋላ ልጄ ትወስዳታለች፤ ሁለታችንንም አንድ ላይ ታገኘናለች።"