የአርባ ትምህርት ቤት ሞግዚት

አርባው ትምህርት ቤት ወደ አንድ ተዋህዶ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው መስታወት ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ መንግሥት የሚከፍለው ለአንዲት ሞግዚት ብቻ ነው። እሳቸውም እማማ ደብሪቱ ናቸው። «ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄ ሂሳብ ግን ለእኔም አልገጥም አለኝ» ይላሉ፣ ባዶው የመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ከየቤታቸው በሚታዩበት መስታወት ፊት ብቻቸውን ተቀምጠው።

«እማማ፣ የጫማዬ ክር ተፈታ!» አለች ትንሿ ተማሪ ናርዶስ ከመስታወቱ ውስጥ።

«እናትሽስ?»

«ሥራ ሄዳለች።»

ሳያስቡት ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው መስታወቱን ገጨ። «አይ የኔ ነገር!» አሉና መቀነታቸውን ፈትተው በወንበሩ እግር ላይ አሰሩላት። «እያየሽ እሰሪ፣ አንቺ ሞልቃቃ። አዙሪው፤ አሁን አሹልኪው።»

«ቻልኩ! ከእንግዲህ አልጠራዎትም!»

መስታወቱ ጨለመ።

«እሰይ፣ ተገላገልኩ» አሉ እማማ ደብሪቱ። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ግን መቀነታቸውን ከወንበሩ አልፈቱትም፤ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።